ሮቦቱ ደህና ነው፣ ይመስገነው

ስለ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር የተጻፈ መመሪያ ያነበበ ሰው፣ ተቀናቃኝን ማጥናት የቁጥር ሥራ ይመስለዋል። ፎርም ይዘህ ትቀመጣለህ። ስንት አስቆጠረ፣ ስንቴ ቆመ፣ ስንቴ ተገለበጠ እያልክ ትሞላለህ። ማታ ኤክሴል ላይ ትደምርና ጠዋት ሁሉን አዋቂ ሆነህ ትነሣለህ። መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን ባሕር ዳር መጥቶ፣ ከአንድ ቡድን ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ "ሮቦታችሁ እንዴት ነው?" ብሎ አያውቅም።

መልሱ አንድ ነው፦ "ደህና ነው፣ ይመስገነው።"

ሞተሩ ጭስ እየተፋም ደህና ነው። ክንዱ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞም "ደህና ነው፤ ትንሽ እጁን ብቻ ነው።" ለማያውቁት ሰው የቤትን ገመና መዘርገፍ ነውር ነው፤ ሮቦት ደግሞ አንዴ ከተሠራ የቤት ልጅ ነው። ታዲያ በየትኛው ሣጥን ውስጥ ይሞላ? ፎርሙ ላይ "ይመስገነው" የሚል አምድ የለም።

ልጆቹ የሚጫወቱበት ደንብ፣ ዲን ካመን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋመው ፈርስት የተባለው ድርጅት በቴክ ቻሌንጅ ውድድሩ ያስለመደው ነው። ሁለት ሮቦት ከሁለት ሮቦት ይገጥማል። መጀመሪያ 30 ሰከንድ ሮቦቶቹ ማንም ሳይነካቸው በተጻፈላቸው ፕሮግራም ይሄዳሉ፤ ከዚያ ለ2 ደቂቃ ልጆቹ ይነዷቸዋል። በማጣሪያው ከማን ጋር እንደምትጣመር ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ያሸነፈህ ልጅ ከሰዓት አጋርህ ነው። ለቂመኛ ሰው የሚሆን ጨዋታ አይደለም።

የኛ ሰፈር ቡድን አምስት ልጆች አሉት። ሁለቱ ይነዳሉ፣ አንዱ ከኋላቸው ቆሞ "ቀኝ! ቀኝ አልኩህ!" ይላል፣ አንዷ ከሜዳው ዳር ዕቃ ታቀብላለች። የቀረው አንድ ልጅ ነው። ሰላይነቱ የወደቀው በእሱ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ትንሽ ልጅ፣ ባለ ካሬ ደብተር የያዘ። ከማዶ ያለው ትልቁ ቡድን አንድ ዓይነት ቲሸርት ያለበሳቸው፣ ለእያንዳንዱ ሮቦት አንድ አንድ የሚመድባቸው፣ ታብሌት የታቀፉ ልጆች አሰልፏል። ሜዳው ላይ አራት ሮቦት አለ፤ የኛው ልጅ ያለው ሁለት ዓይን ነው።

ልጁ ግን ብልጥ ነው። ሁሉንም ለማየት አልሞከረም። ጠዋት የተለጠፈውን የግጥሚያ ዝርዝር ገልብጦ፣ ገና የሚገጥሙንንና የሚጣመሩንን ብቻ አሰመረባቸው። ከጠላት በፊት ደግሞ አጋርን አጠና። ትክክል ነው። በዚያ 30 ሰከንድ ውስጥ ሁለቱም የኛ ወገን ሮቦቶች ወደ አንድ ጥግ እንዲሄዱ ተጽፎላቸው ከሆነ፣ ተቃራኒ አያስፈልግም፤ እርስ በርሳቸው ተላትመው ያልቃሉ። ማን በየት እንደሚሄድ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ችግሩ "እናንተ በየት ትሄዳላችሁ?" ሲባሉ "እናንተ በመረጣችሁት፣ እኛ ግድ የለንም" ማለታቸው ነው። ፕሮግራሙ ግን ግድ አለው።

ሌላም መላ አለ፤ የሒሳብ። የተጣመሩት ሁለት ሮቦቶች አንድ የጋራ ነጥብ ነው የሚያገኙት። ከአንድ ትሪ ሁለት ሰው በልቶ ማን ስንት ጎረሰ ብትል ሂሳቡ አይነግርህም፤ በየቀኑ ከተለያየ ሰው ጋር ሲቀርቡ ግን ሆዳሙ እየለየ ይመጣል። 16 ቡድን እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ቢጫወት 20 ግጥሚያ ይሆናል፤ በየግጥሚያው ለሁለቱ ጥንዶች አንድ አንድ ውጤት ስለሚመዘገብ 40 ውጤት ይገኛል፤ ከ40 እኩልታ የ16ቱን ድርሻ መገመት ይቻላል። አንድም ሰላይ ሳያሰማሩ፣ ከተለጠፈው ውጤት ብቻ! ሰው ላነሰው ቡድን መና ነው። ግጥሚያው ጥቂት ሲሆን ግን በጥሩ አጋር የታዘለ ሁሉ ጀግና ሆኖ ይወጣል። ይህ ችግር በሮቦት ብቻ የሚታይ አይመስለኝም።

እና ልጁ በዓይኑም ማየት ነበረበት። እዚህ ላይ አንዲት እናት አጋጠሙት። የቡድኑ ሰው ሁሉ ምሳ ሄዶ እሳቸው ሮቦቱን ይጠብቃሉ። ልጁ አፍጥጦ እያየ ሲጽፍ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሮቦቱን ከአናቱ እስከ ጎማው ሸፈኑት።

"አንተ ልጅ፣ ምን እንዲህ ታፈጥበታለህ? ገና ለጋ ነው።"

"ኧረ እትዬ፣ ጎማውን እየቆጠርኩ ነው።"

"ጭራሽ ትቆጥረዋለህ? በል ትፍ ትፍ በልበት!"

ልጁ ጨዋ ነውና ትፍ ትፍ አለ። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ከነሽቦው ተገልጦ ስለነበር ምራቁን በልክ አደረገው።

ከአዋቂዎቹ ደግሞ ወሬ አይገኝም፤ እነሱ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው። ያውም አንድ ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ጎማ ያለው ነገር የሠራ ልጅ ሁሉ "እምቦጭ ይነቅላል?" ይባላል። ቁመቱም ስፋቱም ሲጀምር ከ46 ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ የተወሰነበት፣ ፕላስቲክ ለቅሞ ቅርጫት የሚከት ሮቦት ነው፤ ሐይቁ ዳር ቢደርስ ደንገል ላይ ተጠላልፎ የሚቀር። "ለጊዜው አይነቅልም፣ ጋሼ" ሲሏቸው ጋሼ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋሉ፤ እዚያም ይጠይቃሉ።

ልጁን ያወጣው የአያቱ ካቻቢቴ ነው። አያቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየቶች እገዛ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ነበሩ፤ ካቻቢቴውም ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው፤ እጀታው እንጨት፣ ጫፉ የማይበላ። ልጁ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን እየዞረ "ካቻቢቴ የቸገረው አለ?" ማለት ጀመረ። መጠየቁን ተወው። የሚበደር ሲመጣ ብቻ አብሮ ሄዶ፣ አምፑል እንደሚያበራ ሰው አጠገባቸው ይቆማል። አፋቸው "ደህና ነው" ሲል ካቻቢቴው የት እንደገባ ያያል። ደብተሩን አየሁት፦ "9 ቁጥር፤ ሁለቴ ተበደሩ፤ የግራ ጎማ ብሎን ይላላል። 4 ቁጥር፤ ሲመልሱ ትኩስ ነበር። 13 ቁጥር፤ አንዴም አልተበደሩም።"

ታብሌት የያዙት ልጆች 13ን የት አይተውት! ዓይናቸው ያለው መብራት ለጥፎ በሚበረው 4 ቁጥር ላይ ነው። 13 ቁጥር ቀስ ብሎ አንድ ያነሣል፣ ሄዶ ያስቀምጣል፣ ይመለሳል፤ ሲገፉትም ፎቀቅ አይልም። ባለቤቶቹ ሦስት ዝምተኛ ልጃገረዶች ናቸው።

እንዲህ ሆኖ የኛዎቹ ከላይ ካሉት ገቡና የፍጻሜ አጋር የመምረጥ መብት አገኙ። ካፒቴኑ ማይክ ተቀብሎ "13 ቁጥርን እንጋብዛለን" አለ። አዳራሹ ግራ ገባው። የ13 ካፒቴን ቀይ ሆና ተነሣች፣ መሬት መሬት እያየችም፦

"ኧረ እኛ ምን አለን፤ የተሻለ ምረጡ።"

እዚህ ላይ ደንቡ ጨካኝ ነው። ግብዣ እምቢ ያለን ቡድን ከዚያ በኋላ ማንም ሊመርጠው አይችልም። ዳኛው ብዕሩን አነሣ። ልጅቷ ግን ማንም እናት ያሳደገችው ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው፤ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚታጠብ የት አለ? እናቶቹ ከኋላ ጮኹ፦ "ምን ትጽፋለህ? አልተለመነችም እኮ!" ዳኛው መመሪያውን ገለጠ፤ ስለ ልመና የሚል ገጽ አጣ።

ካፒቴናችን ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ። "አፈር ስሆን!" አለ። "በሞቴ! አንድ ጨዋታ ብቻ!"

"አይ፣ አናስቸግራችሁ።"

"የምን ማስቸገር ነው፣ እታለም? ቤታችሁ አይደለም እንዴ!"

ልጅቷ ወደ ጓደኞቿ ዞረች፣ ተንሾካሾኩ፣ ተመለሰች። "እሺ፣ ካላችሁ።" ዳኛው "ተቀብለዋል" ብሎ ጻፈ፤ ጭብጨባው ሲበርድ እሷ ማይኩን እንደ ያዘች ነበር። "ግን ያለን ባትሪ አንድ ብቻ ነው" አለች፤ "እሱም ከምሳ በፊት ነው ያለቀው።"

ትንሹ ልጅ ደብተሩን ገልጦ አየ። "13 ቁጥር፣ ባትሪ፦ ሞልቷል፣ ይመስገነው" ይላል።