ትምህርቱ ነፃ ነው፤ የማይቀመሰው ሠፈሩ ነው

አገር ቤት ካሉ ዘመዶቼ ጋር በስልክ ባወራን ቁጥር «እናንተማ ምን አለባችሁ፣ ልጁን መንግሥት ያስተምርላችኋል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ወርኃዊ ክፍያ የለም፣ ቢጫው አውቶቡስም ልጁን ከደጅ ያነሣዋል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አይጠይቀኝም።

እኔ በምኖርበት በቴክሳስ ክፍለ ግዛቱ የደመወዝ ግብር ስለማይጥል፣ የትምህርት ቤቱ ወጪ በአብዛኛው መኖሪያ ቤታችን ላይ ይጫናል። በየዓመቱ በሚላክልኝ የግብር ወረቀት ላይ ካውንቲው፣ ከተማው፣ ሆስፒታሉና ኮሌጁ ተራ በተራ ተደርድረዋል፤ የሚያንገበግበኝ ግን የትምህርት ቤቱ መስመር ነው፣ ከሁሉም ይበልጣልና። ቤቴ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ አጥሩ እየዘመመ፣ ገማቾቹ ግን በየዓመቱ ዋጋው ጨምሯል ይሉኛል። ይግባኝ ብዬ ያፈሰሰውን ጣሪያ በፎቶ አሳየሁ። ሰውየው አየ፣ አዘነልኝ፣ ግምቱንም እንዳለ አጸናው!

መክፈሉስ ባልከፋ። የሚያበሽቀው ደሃው አብልጦ ከፍሎ ያነሰ ማግኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን አንቶኒዮ ከተማ ኤጅውድ በሚባለው የድሆች ሠፈር ዲሜትሪዮ ሮድሪጌዝ የተባለ አባትና ሌሎች ወላጆች ክስ መሠረቱ። ሠፈራቸው ከ100 ዶላር የንብረት ግምት 1.05 ዶላር እየገበረ ለአንድ ተማሪ ከራሱ ግብር የሚያተርፈው 26 ዶላር ነበር። ባለጸጎቹ የአላሞ ሃይትስ ነዋሪዎች ደግሞ 85 ሳንቲም ብቻ እየገበሩ 333 ዶላር ያገኙ ነበር። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1973 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ወላጆቹ ተረቱ። ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም ተባለ። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ።

ኋላ የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ለድሆቹ ፈረደ፤ ከ1993 ጀምሮም ከሀብታም የትምህርት ቀጠና ተቀንሶ ለደሃው ይሰጣል። ሕዝቡ ከሀብታም ነጥቆ ለደሃ ይሰጥ በነበረው የተረት ጀግና ስም «ሮቢን ሁድ» ይለዋል። ይሁን እንጂ ሀብታም ወላጆች በፋውንዴሽን ስም በፈቃዳቸው የሚያዋጡትን ይህ ሕግ አይነካውም። ክፍለ ግዛቱ ለአንድ ተማሪ የሚመድበው መነሻ ገንዘብ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ 6,160 ዶላር ላይ ቆሞ ቆየ። በዚያ መሃል የእንቁላሉ፣ የናፍጣው፣ የመምህሩ የቤት ኪራይ ዋጋ የት እንደደረሰ እዚህ ለሚኖር አይነገረውም። በ2025 በብዙ ጭቅጭቅ ጨመሩ፤ 55 ዶላር። ለአንድ ልጅ፣ ለዓመት!

አሜሪካኖቹን ስታዘብ ግን የኛም ነገር ይመጣብኛል። አገር ቤት መንግሥት ለመምህር ደመወዝ ከከፈለ በኋላ ለጠመኔውና ለመቀመጫው የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ የወላጅ ኮሚቴ አባል የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ደነገጥን። በዓመቱ «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ለትምህርት ቤቶች እድሳት ሕዝቡ እንዲያዋጣ ተጠራ።

እዚህ ያለነውም አዋጣን። ማን ለየትኛው? ሁሉም ለተወለደበት። ውጭ አገር ሰው ያለው ቀበሌ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ኮምፒውተርም ገባለት፤ ወንዝ ማዶ ያለው ደግሞ ልጆቹን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ያስተምራል። ኤጅውድና አላሞ ሃይትስ ማለት ነው፣ ያውም በገዛ እጃችን። ባለፈው የመዋጮ ስብሰባችን ላይ «ገንዘቡ በወረዳ ደረጃ ይሰብሰብና በተማሪ ቁጥር ይከፋፈል፣ በጣም ለተጎዳውም ይጨመርለት» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ የማከብራቸው ጋሼ ቡናቸውን አስቀምጠው «እነሱም ሰው ይላኩ እንጂ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ገንዘብ ያዡም ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።