መንፈሱን ሁሉም ያምናል፤ ልጅቷን ግን ማን ጠየቃት?

ስለ መንፈስ የሚተርክ የታዳጊዎች ሆረር ፊልም የሚያስፈራው በመንፈሱ ብቻ አይደለም፤ ባለታሪኳ መሄጃ ስለሌላትም ነው። ትልቅ ሰው የተከራየው ቤት ካስፈራው ዕቃውን ጭኖ ይወጣል። የ16 ዓመት ልጅ ግን የት ትሄዳለች? ገንዘቡም ውሳኔውም በእናትና አባቷ እጅ ነው። ጥሩዎቹ ፊልሞች ይህን መሄጃ ማጣት ያውቁበታል። መጥፎዎቹ ፊቱን የቀባ ሰው ከበር ጀርባ እያስወጡ ያስደነግጡናል፤ ድንጋጤው ደግሞ ሻይ ሳይበርድ ያልፋል።

ይህን ያነሣሁት ደሴ ውስጥ ከኪሳቸው አዋጥተው አጭር ፊልም ሊሠሩ የተነሡ ወጣቶች ስክሪፕታቸውን ስላስነበቡኝ ነው። ጥረታቸው ደስ ይላል። የክረምቱ ጉም አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አድርጋ ነው። አንድ ሌሊት ከባዶው ሳሎን ስሟ ሲጠራ ትሰማለች። ሮጣ እናቷን ትቀሰቅሳለች። እናትየው ዞር ብላ «ቅዠት ነው፤ ፊልም ስታበዢ ነው፤ ተኚ» ትላታለች።

እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ደሴ ውስጥ ልጇ በሌሊት «ስሜን ጠሩኝ» ስትላት ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞር እናት የትኛዋ ናት?

ይህች እናት የመጣችው ከአሜሪካ ፊልም ነው። እዚያ የታዳጊዋ ብቸኝነት የሚሠራው ትልልቆቹ ባለማመናቸው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢት ፎሎውስ» ላይ ልጅቷን በእግሩ ቀስ እያለ የሚከተላትን ነገር የሚያዩት እርግማኑ የደረሰባቸው ብቻ ናቸው፤ ወላጆች በታሪኩ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ለዚያ አገር ይህ ልክ ነው። እኛ ዘንድ ሲገለበጥ ግን ተመልካቹ በመጀመሪያው ትዕይንት «ውሸት» ይላል፤ አንዴ ውሸት ያለውን ደግሞ አይፈራውም።

የእኛ እናት ከልጇ ቀድማ ታምናለች። ከአልጋዋ ዘልላ ተነሥታ መጀመሪያ የምትጠይቀው «አቤት አልሽ?» ብላ ነው። ከዚያ «በስመ አብ» ወይም «ቢስሚላህ» ይከተላል፤ ወሎ ነውና በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሊሰማ ይችላል። ዕጣን ይጨሳል። ሲነጋ ቡና ላይ ጎረቤት ይሰማል፤ እትዬ እገሌ የእህታቸው ልጅ እንዲሁ ሆና እንደነበር ያወራሉ፤ አንዷ ጸበል ትላለች፣ ሌላዋ ሼህ ዘንድ ትሂድ ትላለች። ጀበናው ሳይወርድ የመንፈሱ ስምም መድኃኒቱም ታውቋል። ልጅቷ ስኒ እያቀረበች ስለ ራሷ ሲወራ ትሰማለች። ድምፁ የማን ይመስል ነበር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን አስጨንቆሽ ሰነበተ ብሎ የጠየቃት የለም።

የእኛ ታዳጊ ብቸኝነት እዚህ ነው ያለው። መንፈሱን ሁሉም ያምንላታል፤ እሷን የሚሰማት ግን የለም። ይህን ያሳየ ፊልም ከደሴ ቢወጣ እንኳን እኩዮቿን እናቶችንም እንቅልፍ ይነሣል ብዬ አምናለሁ። የሚያምን ወላጅ ከማያምነው የበለጠ ሊያስፈራ እንደሚችል ብራያን ዲ ፓልማ በ1976 እ.ኤ.አ. በሠራው «ካሪ» አሳይቶናል። እዚያ እናትየው የልጇን ኃይል የሰይጣን ሥራ ነው ብላ ታምናለች፤ ኃጢአት አለብሽ እያለችም እንድትጸልይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትቆልፍባታለች። እናትና ልጅ ሆነው የተጫወቱት ፓይፐር ሎሪና ሲሲ ስፔሴክ ሁለቱም ለኦስካር ታጭተዋል፤ የፊልሙ ጉልበት በሁለቱ መካከል ስለነበረ አይገርምም።

ሌላው ነገር መንፈሱ የሚመራበት ሕግ ነው። መንፈሱ እንዳሻው የሚያደርግ ከሆነ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም፤ መጠበቅ ከሌለ ፍርሃት የለም። የዌስ ክሬቨን «ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» የተባለው ፊልም በ1984 እ.ኤ.አ. የያዘው ሕግ አንድ ነው፤ ከተኛህ ገዳዩ መንፈስ በሕልምህ ይመጣብሃል። እንቅልፍ ደግሞ ለማንም አይቀርም። ገዳዩ በልጆቹ ላይ የሚመጣውም ወላጆቻቸው ከዓመታት በፊት ተማክረው ስላቃጠሉትና ነገሩን ስለደበቁት ነው።

እኛ ሕግ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። ሌሊት ስምህ ሲጠራ አቤት አትበል ተብለን አድገናል። በዚያው ቤት ደግሞ ትልቅ ሰው ሲጠራ ቶሎ አቤት ያላለ ልጅ ባለጌ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡና ልጅቷን አልጋዋ ላይ አስተኟት። መብራት የለም። ከማድ ቤት በኩል የእናቷ ድምፅ ስሟን ይጠራል። ዝም ካለች እናቷን ናቀች፤ አቤት ካለች ደግሞ ለማን እንዳለች አታውቅም። ካሜራው ከፊቷ ሳይነሣ ድምፁ ደጋግሞ ይጥራት። ቀለምም የኮምፒውተር መንፈስም አያስፈልግም፤ ጥሩ የድምፅ መቅረጫና ፊቷ ላይ ሐሳቧ የሚነበብ ተዋናይት ይበቃሉ።

ድምፁ የማን ይሁን? እዚህ ላይ ወጣቶቹ እንዲደፍሩ እፈልጋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ የዛሬ ታዳጊዎች ገና ልጆች ነበሩ። ከቤተሰብ ጋር በእግር የወጣ አለ፤ ቤት ተዘግቶበት የከረመ አለ፤ ከቤቱ ሰው የጎደለበት አለ። ምን እንዳዩ ቁጭ አድርገን የጠየቅናቸው ጥቂት ነን። ፊልሙ ውስጥ ጥይት አይተኮስ፣ ወታደርም አይታይ። በሌሊት የሚጠራት ግን ወጥቶ ያልተመለሰ ወንድሟ ቢሆንስ? ያን ጊዜ አቤት አለማለት ራሱ ያማል።

ጨለማንም ብቻ አትመኑ። ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጉሙ ቀርቶ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። በቀትር ወንዝ አትውረዱ የሚለውን የአያቶቻችንን ማስጠንቀቂያ ማን ቀረጸው? ቦርከና ወንዝ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ አንዲት ልጅ ልብስ እያጠበች ቀና ስትል ከማዶ የምታየው ነገር ከማንኛውም ጨለማ ይበልጣል።

የስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ አባትየው ልጅቷን ጸበል ይወስዳታል፤ መንፈሱ ጮኾ ይወጣል፤ ፊልሙም ያልቃል። ጸበሉ መግባቱን አልቃወምም፤ የሰው እምነት ነው፣ በክብር ይታይ። የከነከነኝ ሌላ ነው። ከተወሰደችበት ገጽ ጀምሮ ለልጅቷ አንድም ቃል አልተጻፈላትም፤ በአፏ የሚናገረው መንፈሱ ብቻ ነው። ለወጣቶቹም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። እናትየው ትመን፣ ጎረቤቱም ይምጣ፣ ጸበሉም ዱዓውም ይኑር። ከቀረጻው በፊት ግን ከዚያ ገጽ በኋላ ያለው የልጅቷ ንግግር ይጻፍ። የምትለው ከጠፋባቸው እሷን የምትጫወተዋን ተማሪና ጓደኞቿን ይጠይቁ።