ሁሉን «ጨጓራ ነው» እያላችሁ አትለፉት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ደረታችንን ሲያመን ጨጓራ ነው እንላለን። ክንዳችን ሲደነዝዝ አጉል ተኝቼበት ነው፣ ጀርባችንን ሲይዘን ብርድ መቶኝ ነው። ልብ የሚለውን ቃል ላለመጥራት የማንሰጠው ስም የለም።

አጎቴ ሁለት ቀን ሙሉ መዳፉን ደረቱ መሃል ላይ ለጥፎ እያሻሸ የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ከረመ። ወጋኝ አላለም፤ «የሆነ ነገር ተጭኖኛል» ነው ያለው። ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። እኛም አጠገቡ ተቀምጠን ላቡን እናብስለት ነበር እንጂ ተነስ እንሂድ ያለው ሰው የለም። አልተረፈም።

የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ እንደ ስለት አይወጋም። ይጫናል፣ ጨምድዶ ይይዛል፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ይሄዳል። ሴቶች፣ አረጋውያንና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ደረታቸውን ጭራሽ ላያማቸው ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድንገተኛ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እናታችን «ዛሬ አቅም አጣሁ» ስትል ሥራ በዝቶባት ነው ብለን የምናልፈውም እዚህ ላይ ነው። ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን ይዞ ቆም ስትሉ የሚለቃችሁ ሕመም ካለም ለቀቀኝ ብላችሁ አትርሱት። ልባችሁ ሥራ ሲበዛበት በቂ ደም እያገኘ ላይሆን ይችላል። ስትራመዱ ባታችሁን ጨምድዶ ስታርፉ የሚተወውም የእግር ደም ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ስለሚችል ታዩት።

ግፊትንም «ራሴን ሲያመኝ እለካለሁ» የምትሉ አላችሁ። ኧረ ተው! 140/90 እና ከዚያ በላይ ሆኖም ዓመታት ምንም ሳይሰማችሁ ሊቆይ ይችላል። ደህና ሆናችሁ ተለኩ።

ስትሮክ (የአንጎል ደም ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው) ከሆነ ፊት በአንድ በኩል ይወርዳል፣ አንድ እጅ አልነሳ ይላል፣ አንደበት ይተሳሰራል። በ10 ደቂቃ ቢተዋችሁም ሂዱ፤ ትልቁ ሊከተል ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ ከዚያ ላይ መንገዱና ምርመራው የሚወስዱት አለ፣ እናንተ ግን «እስኪ ትንሽ ይተኛ» ትላላችሁ። አታስተኙት። ውሃም ምግብም አትስጡት፣ ትን ሊለው ይችላል። ይዛችሁት ስትሄዱ ሰዓቱን ያዙ፤ ሐኪሙ «መቼ ጀመረው?» ይላችኋል። ከእንቅልፉ ሲነሳ ያገኘው ከሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁት ስንት ሰዓት እንደነበር ንገሩት።