ድሮ የማውቀው ሜዳ

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገር ቤት ገባሁና ጎልፍ ልጫወት ሄድኩ። ድሮ መጫወት የተማርኩበት ሜዳ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ፣ ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድ የሚያሳየው ባንዲራ 150 ሜትር ይርቅ ነበር። ውጭ በምኖርበት አገር 150 ሜትር ለእኔ የሰባት ቁጥር ዱላ ርቀት ነው። ቦርሳዬን የያዘልኝ ካዲ ግን ስምንት ቁጥር መዞ ዘረጋልኝ፤ የዱላው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ኳሷ የምትሄደው ርቀት ያጥራል።

"ሰባቱን ስጠኝ፣ ርቀቴን አውቀዋለሁ" አልኩት።

ሰጠኝ። ጥሩ አድርጌ መታኋት። ኳሷ ከግሪኑ፣ ቀዳዳው ካለበት አጥሮ ከተቆረጠው ሣር፣ በላይ አልፋ ከኋላ ያሉት ዛፎች ውስጥ ገባች።

ማታ ስለዚያች ምት ብዙ አሰብኩ። ባሕር ማዶ የምጫወትበት ሜዳ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይልም። እዚያ አየሩ ከባድ ስለሆነ ኳስን ይዞ ያስቀራል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ኳስን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል። ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያው ምት 8 በመቶ ገደማ ይረዝማል፣ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ከዚያም በላይ። ከ150 ሜትር ላይ 12 ሜትር ማለት ነው። በአንድ ዱላና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነትም በአብዛኛው ያንኑ ያህል ነው። ካዲው ልጅ ልክ ነበር።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 አንድ ትልቅ የዓለም ውድድር ወደ ሜክሲኮ ሲቲ፣ ወደ ቻፑልቴፔክ ክለብ ተዛውሮ ነበር። ሜዳው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች በልምምዱ ቀናት የእያንዳንዱን ዱላ ርቀት እንደገና ሲያሰሉ ነበር የሰነበቱት። ሥራቸው ጎልፍ የሆነ ሰዎች እንዲህ ካደረጉ፣ እኔ "አውቀዋለሁ" ማለቴ ምን ይባላል?

ከዚህ የተረዳሁት፣ በለመድነው ሜዳ ላይ ችሎታ የምንለው ነገር ግማሹ ትዝታ መሆኑን ነው። ኳሷ የት ብትወድቅ እንደምታዳልጥ፣ የትኛው ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ከቲው፣ ከመነሻ መምቻው፣ እንደማይታይ እግራችን ያውቀዋል። ዓይናችን ማየት ካቆመ ቆይቷል። አዲስ ሜዳ ያንን ትዝታ ይወስድብናል። የቀረን አመታታችንና ዓይናችን ብቻ ነው።

የተጫዋችን ችሎታ የሚለካው፣ ሃንዲካፕ የሚባለው ቁጥርም ይህን አይሸፍንም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም ሥርዓት፣ ቁጥሩ የሚወጣው ካለፉት 20 ውጤቶች ከምርጥ ስምንቱ ነው። ሜዳዎችም እንደ ክብደታቸው ከ55 እስከ 155 ይመዘናሉ፤ መነሻው 113 ነው። ከበድ ያለ ሜዳ ስትሄድ ጥቂት ምት ይጨመርልሃል። ጥሩ ሥርዓት ነው፣ እወደዋለሁ። ግን የሚያካክሰው የሜዳውን ክብደት ነው። እንግድነትን የሚያካክስ ቁጥር የለም።

ሣሩን ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰርዶን ሁላችንም እናውቃታለን። ጎልፈኞች ቤርሙዳ የሚሏት እሷው ናት፤ በሞቃት አገሮች የተዳቀሉ ዝርያዎቿ ግሪን ላይ ይተከላሉ። ሰርዶ ወደ አንድ ወገን ተኝታ ታድጋለች። ከኳሱ ጀርባ ቆመህ ስታይ ሣሩ ካንጸባረቀ ከአንተ ርቆ ወደ ፊት ተኝቷል፣ ኳሷ ትፈጥናለች። ከጠቆረ ፊቱን ወዳንተ አዙሯል፣ ኳሷ ትጎተታለች። ባሕር ማዶ የለመድኩት ግሪን ግን ብርድ የሚወድ ቀጭን ሣር ነው፣ እንዲህ ያለ ጠባይ እምብዛም የለውም። ስለዚህ አገር ቤት ስመጣ ቁልቁለቱን አነበብኩ፣ ሣሩን ግን ረሳሁት። ሦስቴ፣ አራቴ ከቀዳዳው ግማሽ ሜትር ሲቀራት ቆመች።

ሌላም አለ። ኪኩዩ የሚባለው ሣር ትውልዱ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። ዛሬ ሎስ አንጀለስ ያለው ዝነኛው የሪቪዬራ ሜዳ ፌርዌዩ፣ ከቲ እስከ ግሪን ያለው የተስተካከለ ሣር፣ እሱ ነው። ፌርዌይ ላይ ኳስን ብድግ አድርጎ ይይዝልሃል። ረዘም ካለ ግን ዱላህን አንቆ ያስቀራል። መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሜዳ ላይ ስገጥመው ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ኳሴን ከግሪኑ ፊት ለፊት በመሬት ላስኬዳት ሞክሬ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተቀበረች። የእኛው ደጋ ሣር መሆኑን ስሰማ ልቤ ተነካ። ባሕር ማዶ ተገናኝተን አልተዋወቅንም።

አዲስ ሜዳ ትልልቆቹንም አሸንፏል። አሜሪካዊው ዝነኛ ተጫዋች ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1921 ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ ላይ ሲወዳደር 19 ዓመቱ ነበር። በሦስተኛው ዙር 11ኛው ቀዳዳ ላይ ተስፋ ቆርጦ ውድድሩን ተወ። ሜዳው 112 ባንከር አለው፤ ብዙዎቹ ከቲው አይታዩም። 14 ቀዳዳዎች ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሰባት ሰፋፊ ግሪኖችን ይጋራሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ጥሩ ምት መትቶ ሊቀጣ ይችላል። ጆንስ ግን ተመለሰ። በ1927 ኦፕን የሚባለውን የብሪታንያ ታላቅ ውድድር እዚያው አሸነፈ፣ በ1930 የአማተሮቹን፣ ጎልፍ ሥራቸው ያልሆነውን ተጫዋቾች፣ ዋንጫ እዚያው ወሰደ፣ በ1958 ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠችው።

ገና በመጀመሪያ ጉዟቸው ያሸነፉም አሉ። ፈዚ ዞለር በ1979 አሜሪካ፣ ኦገስታ ላይ የሚደረገውን የማስተርስ ውድድር በመጀመሪያ ተሳትፎው አሸነፈ፤ ሜዳውን የሚያውቅ ካዲ ነበረው፣ እሱም ሰማው። ኮሊን ሞሪካዋ በ2021 ኦፕኑን ያሸነፈው ከሳምንት በፊት ስኮትላንድ ላይ መሬቱ እንዳልተመቸው አይቶ አንዳንድ አይረኖቹን፣ የብረት ዱላዎቹን፣ ቀይሮ ነው። ሁለቱም አናውቅም ብለው ነው የጀመሩት።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። በሰው አገር አዲስ ሜዳ ስሄድ እጠይቃለሁ። ካርታውን አነባለሁ፣ ባንዲራውን ትቼ የግሪኑን መሀል እመታለሁ፣ ጥርጣሬ ካለኝ ሩቅ የሚመታውን ዱላ፣ ድራይቨሩን፣ ቦርሳ ውስጥ እተወዋለሁ። አገሬ ስገባ ግን የድሮውን ሜዳ ይዤ ገባሁ። ዛፎቹ አድገዋል፣ አንዱ ግሪን ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ እኔም የባሕር ዳርቻ ርቀት ለምጃለሁ። እንግዳ መሆኔን ያልነገረኝ ራሴው ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን በሩ ላይ አገኘሁትና ትናንት ልክ እንደነበር ነገርኩት። "ዱላ ላምጣ ጋሼ?" አለኝ። "ዛሬ አንመታም፣ ሜዳውን አሳየኝ" አልኩት። ከመጨረሻው ግሪን ተነስተን ወደ መጀመሪያው ቲ ኋልዮሽ መሄድ ጀመርን። ከግሪን ወደ ኋላ ሲታይ ከቲ የተሸሸገው ሁሉ ይታያል። ከአንድ ጉብታ ጀርባ ቆሞ በእግሩ መሬቱን መታ መታ አደረገና "እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ባንዲራው ቅርብ ይመስላል" አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። በጉብታውና በግሪኑ መካከል ከቲው የማይታይ ሰፊ ረባዳ ነበር።