ትንሽ ውሃ ጠብ ያድርጉልኝ

ትናንት ማታ ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ማዘር በሬን አንኳኩ። ስከፍት ቁልፍ ዘረጉልኝ። ለአስር ቀን ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። በረንዳቸው ላይ ያሉትን አትክልቶች «አደራህን፣ ትንሽ ውሃ ጠብ ታደርግላቸዋለህ» አሉኝ። አፌ እኔን ሳያማክር «ኧረ ችግር የለም ማዘር!» ብሎ መለሰ።

ችግርማ አለ። ከጥር ጀምሮ አለ።

ጥር የሰርግ ወር ነው። የአክስቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ተዳረች፤ ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ሲባል 12 ቀን ከቤት ጠፋሁ። ከመሄዴ በፊት ቁልፌን ለእኚሁ ማዘር ሰጠኋቸው። በረንዳዬ ላይ ብዙ ነገር የለም። በቀለም ባልዲ የተተከለ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ሬት፣ ሁለት መኒ ፕላንት፣ አንድ ደግሞ ሻጩ ስሙን ሦስት ጊዜ ነግሮኝ ሦስቴም የረሳሁት ባለ ሰፊ ቅጠል። «ማዘር፣ ትንሽ ውሃ ጠብ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ንግግሬ ነው።

ስመለስ በረንዳዬ ለሁለት ተከፍሏል። የሚበላው ተበልቷል፣ የማይበላው ሰምጧል። ጤና አዳሙ ቡና በተፈላ ቁጥር እየተቀነጠሰ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። የጥብስ ቅጠሉ ወታደር ቤት የገባ ይመስል ተላጭቷል፤ ሁለት ወፍራም ቅርንጫፎች ደግሞ ከነግንዳቸው የሉም። ሬቱ እንደ ከረመ ሙዝ ለስልሷል። መኒ ፕላንቶቹ ቢጫ ሆነዋል። ከሥራቸው ያለው ሳህን ላይ ውሃ ቆሞ ትንኝ ተራብቶበታል።

«ምን አጎደልኩ፣ ጠዋት ማታ ነው ያጠጣኋቸው!» አሉኝ ማዘር። ልብ በሉልኝ፣ የእኛ ብሎክ ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ሴትዮዋ ለራሳቸው በጀሪካን ያጠራቀሙትን ውሃ ለእኔ ሬት ሲያፈሱ ነው የከረሙት። ምን ይባላል? አመስግኜ፣ ከማርቆስ ካመጣሁት ቅቤ አንድ ኪሎ ሰጥቼ ገባሁ። ሬቴን ለገደለ ሰው ቅቤ!

እሳቸው ላይም አልፈርድም። ቤት ውስጥ ያለ ተክል ብዙ ጊዜ የሚሞተው በውሃ ጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ሥር ይተነፍሳል። በአፈሩ መሃል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። የጠወለገ ቅጠል ያየ ደግ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ይጨምርለታል! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዋናተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጥፋቱ የ«ጠብ» ነው። ጠብ ስንት ነው? ስኒ ነው? ጣሳ ነው? በሳምንት ነው በቀን? እኛ አገር መለኪያ የሚባል ነገር ነውር ነው መሰለኝ። እናቴን ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ በስልክ ብጠይቃት «ውሃውን እስኪበቃው፣ በርበሬውን እስኪመስልህ፣ ጨው እንደ ነገሩ» አለችኝ። እስኪመስልህ! እኔ ምን እንደሚመስለኝ ባውቅ እደውል ነበር? ቀጠሮም እንደዚያው ነው። «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የሚልህ ሰው ገና ጫማውን እየፈለገ ነው። «ትንሽ ጠብቀኝ» ያለኝ ባለሙያ አለ፤ የኩሽናዬን ቧንቧ ፈቶ ሄዶ በአራተኛው ቀን ነው የመጣው፣ ያውም ቅር ብሎት!

ይቅርታ፣ ስለ አደራ ነበር የማወራው። እጅግ የምወዳት ተረት አለች፦ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ»። እናቴ ጃንጥላ እንኳን ለሰው ስታስቀምጥ ሳትላት አትቀርም። አደራ የበላ ሰማይ ይርቀዋል ለማለት ነው ትላለች። ግን አንዳንድ ሰው «ሰማይ ሩቅ» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ፣ እንግዲያው ከዚያ ሆኖ የሚያየኝ የለም ብሎ የሚተረጉማት ይመስለኛል።

ለምሳሌ አንድ ጓደኛዬ። ስሙ ይቅር። ከአንድ የእንቁጣጣሽ በዓል በፊት፣ ዋጋው ሳይንር ብዬ አንድ ቀይ ዶሮ ገዛሁ። በማግስቱ ለሦስት ቀን መስክ ውጣ ተባልኩ። ዶሮዬን እሱ ግቢ አሰርኩ፣ ጥሬውንም አብሬ ሰጠሁ። ስመለስ ላባ ብቻ። «ወንድሜ፣ ዶሮው ታሞብህ ነበር፤ ሊሞት ሲል ደረስኩበት» አለኝ። በዓል ሲቃረብ የሚታመም ዶሮ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሺ ታመመ እንበል፤ ከ12 ብልት አንድ እግር እንኳን ማስቀረት ምን ይከብዳል? ይኸው ስንት ዓመቱ፣ በየሰርጉ ሲያገኘኝ «ምነው ጠፋህ» ይለኛል። አንተ ነህ የምታጠፋ!

ከዚህ ሁሉ ግን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ለማንም ሰው አበባዬን ጠብቅልኝ ስል የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «አግብተህ ቢሆን ኖሮ እሷ ታጠጣልህ ነበር»። ማዘርም ብለውኛል፣ ጥበቃውም ብሎኛል። ሰው የሚያገባው ለአትክልት ውሃ ነው እንዴ? አንድ ምስኪን ሴት ቤተሰቧ ሦስት ሽማግሌ ተቀብሎ የዳራት የእኔን በሶብላ እንድታጠጣ ነው? ደግሞም ስሄድ አብረን አንሄድም? ያገቡት ሁሉ አትክልታቸው ለምልሞ አላየሁም። እንዲያውም ያገባው ወንድሜ በረንዳ ላይ ያለው ብቸኛ አረንጓዴ ነገር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው።

መትከል ላይማ አንታማም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። እኔም ሦስት ተክያለሁ፤ ጉድጓዱ ላይ አጎንብሼ የተነሳሁት ፎቶ አለኝ። ዝናቡ ቆሞ ኅዳር ሲገባ ግን ሄጄ አላየኋቸውም። ሲተክል እንጂ ሲያጠጣ ፎቶ የሚነሳ ሰው የለም። በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ድረስ የመጣው ይሄ ጠባያችን ታይቶ ይሆናል፤ ማንም ሳያጠጣው፣ ቆርጠውት እንኳን መልሶ የሚያቆጠቁጥ።

ስለ አውስትራሊያ ካነሳሁ አይቀር፣ ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1829 ገና ክንፍ ያላወጣ የእሳት ራት ከእርጥብ አፈር ጋር ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ ሲጠብቅ፣ ከአፈሩ ፈርን የሚሉት አበባ የማያወጣ ቅጠል በቀለበት። ተክሉ የሚያወጣው እርጥበት መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል። በ1833 በዚሁ ዘዴ የታሸጉ ተክሎችን በመርከብ ወደ ሲድኒ ላከ። ወራት የፈጀውን ባሕር አቋርጠው በሕይወት ገቡ። ማዘር የሉ፣ አደራ የለ! እኔም ይሄን ካነበብኩ ወዲህ አዲሶቹን መኒ ፕላንቶች ጉዞ ስወጣ በስስ ላስቲክ ሸፍኜ ፀሐይ የማያገኛቸው ቦታ ነው የማስቀምጣቸው። ለበሶብላው ደግሞ በሃይላንድ ውሃ ሞልቼ፣ የጥጥ ጨርቅ ቀድጄ አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላውን አፈሩ ውስጥ እቀብራለሁ። ጨርቁ እየመጠጠ ያደርሳል። ጠብ ማለት እሱ ነው እንግዲህ።

ብቻ ዛሬ ጠዋት ቁልፋቸውን ይዤ ማዘር ቤት ገባሁ። በእጄ አንዲት ስኒ ውሃ አለ፤ ቂም አይደለም፣ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቁን ከእርጥቡ ልለይ ነው ያሰብኩት። በረንዳቸው ላይ ጽጌረዳ አለ፣ ጠጅ ሳር አለ። ጥጉ ላይ በዘይት ጀሪካን ቁራጭ የተተከለ አንድ የሚያምር የጥብስ ቅጠል አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ሁለት ወፍራም ግንዶች፣ አንዱ ወደ ግራ ጎበጥ ያለ። በጥር ከነግንዳቸው የጠፉት ናቸው።

ውሃውን አጠጣሁት። ምሳ ሰዓት ላይ ሥጋ ቤት ጎራ ብዬ ግማሽ ኪሎ ጥብስ አስቆረጥኩ። ማዘር ከሐዋሳ ሲመለሱ ከጠየቁኝ መልሱ አለኝ፦ ሊደርቅ ሲል ደረስኩበት።