አልቦው መጀመሪያ ለመዝገቡ ይታሰር

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት ካፌ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ሲከራከሩ አብሬ ተቀምጬ ነበር። አንደኛው የቆየ ወዳጄ ነው። "ሰዉን በየጣቢያው ከማጎር እግሩ ላይ መከታተያ አስሮ ቤቱ መላክ አይሻልም? ሌላው ዓለም ከጀመረው ስንት ዓመቱ!" ይላል። ሁለተኛው ማኪያቶውን እያማሰለ ሰማውና "መብራት ሲጠፋስ? ተከሳሹ ጄኔሬተር ሊገዛ ነው?" አለው። ሳቅን። ሂሳብ ከፍለን ተለያየን። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

የሚያወሩለት ዕቃ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ነው። ያለህበትን ቦታ በሳተላይት አውቆ በሞባይል ኔትወርክ ለተቆጣጣሪው ይልካል። ከተፈቀደልህ ክልል ከወጣህ ወይም ልቁረጠው ካልክ ያሳብቅብሃል። እኔ አልቦ ብዬዋለሁ፤ እናቶቻችን ለጌጥ ያጠልቁት የነበረው አልቦ ይቅር ይበለኝ። ሥራ ላይ ያዋሉት ጃክ ላቭ የሚባሉ፣ አሜሪካ ውስጥ የአልበከርኪ ከተማ ዳኛ ናቸው። ስፓይደርማን እጁ ላይ መከታተያ ሲታሰርበት በካርቱን አይተው ሐሳቡ እንደመጣላቸው ይነገራል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1983 ነበር።

ለእኛ ግን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። "በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ" እንላለን አይደል? ቁራኛ የድሮ ሥርዓት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ጭካኔ ነበረበት፤ አልክድም። አንድ ነገሩ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። የሚታሰሩት ሁለቱም ናቸው። ከሳሹም እጁ ተይዟልና ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል።

አዲሱ ቁራኛ የሚያስረው አንዱን ወገን ብቻ ነው። በሌላኛው ጫፍ መርማሪ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ መዝገብ ቤት አለ። የማንኛቸውም እግር ላይ ምንም የለም። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ባትሪ ሲሞላ የሚያድረው ተከሳሹ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ በፑል ቤት ጠብ ተይዞ ነበር። እናቱን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ዓርብ ጠዋት ዳኛው በ10 ሺህ ብር ዋስ ይውጣ አሉ። ገንዘቡ ከዘመድ ከወዳጅ ተለቃቅሞ እትዬ ሂሳብ ውስጥ ተቀምጧል። ገቢ ሲደረግ ስልካቸው ወዲያው ጢጥ አለ። ይህን ያህል ወጥቷል፣ ይህን ያህል ቀርቷል፣ ከነሳንቲሙ።

ከዚያ መፍቻ መጠበቅ ጀመርን። መፍቻ "ይፈታ" የሚለው ትእዛዝ ነው። ተጽፏል፤ ፊርማ ይቀረዋል። ተፈረመ፤ ማኅተም የያዘችው ልጅ ስብሰባ ገብታለች። ታተመ፤ ወጪ ቁጥር አልተሰጠውም። ቁጥር ሲያገኝ አስር ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ደብዳቤ የሚያደርሰው ሰው ወጥቷል። እትዬ "እኔ ልውሰደው፣ በታክሲ ደርሼ ልምጣ" አሉ። አይቻልም። በባለጉዳይ እጅ አይላክም። "እማማ፣ ሰኞ ይምጡ" አላቸው የቢሮው ወጣት፤ ደግሞ በትሕትና ነው። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ትንሽ ቆሙ። "ልጄ፣ እስከ ሰኞ የሚታሰረው በማን ጥፋት ነው?" አሉት። ወጣቱ ኮምፒውተሩን አየ። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

10 ሺህ ብር በሰከንድ ከተማውን አቋረጠ። አንዲት ወረቀት በዚያው ከተማ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ለመድረስ ሦስት ሌሊት ፈጀባት። ወዳጄ ጠበቃው ስለ እግር ሲያወራ እኔ የማስበው ስለዚህች ወረቀት ነው። አልቦ የሚያስፈልገው ካለ መጀመሪያ እሷ ናት።

ሕጋችንን ገልጦ ያየ ሰው በሰዓትና በቀን የተሞላ መሆኑን ያውቃል። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ የምርመራ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን ቅጣት የጨረሰ፣ ጠባዩም ያማረ እስረኛ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል ይላል። ማሽን ደግሞ ከምንም በላይ ሰዓት መቁጠር ይችልበታል። 47ኛው ሰዓት ላይ የመርማሪው ስልክ ይጩህ። መፍቻ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲያረፍድ የኃላፊው ስልክ ይጩህ። የአመክሮ ቀን ሊደርስ ወር ሲቀረው ማስታወሻ ይምጣ። እስረኛው ቀኑን ጳጉሜን ጨምሮ በቃሉ ያውቀዋል፤ ቢሮውም ይወቀው። ሳተላይት አያስፈልገውም። ለባንክ የሠራ ቴክኖሎጂ እዚህ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ፋይዳ ደግሞ ከነአዋጁ አለ፤ ቁጥር 1284/2015። መዝገቡ ከፋይዳ ቁጥር ጋር ቢያያዝ ሦስት አበበ ከበደዎች አንዱ የአንዱን ቅጣት አይቆጥሩም። ሰውየው በነጻ ከተሰናበተ በኋላ መዝገቡ ከማን እጅ ይቆያል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይምጣ፤ ለዚህም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ወጥቷል።

አልቦውን ጭራሽ አልጠላም። በጠባብ የእስር ክፍል ወለል ላይ ከመተኛት የገዛ ቤት ይሻላል። ዋስትና ከሚያስከለክሉት ምክንያቶች አንዱ ተከሳሹ ይጠፋል የሚል ስጋት ነው፤ አልቦው ያንን ስጋት ይቀንሰዋል። ግን እስቲ የኛን ግቢ አስቡት። ሰባት ተከራይ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት በግቢው ጥግ። "ቤት" የሚባለው የቱ ድረስ ነው? ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ የወጣ ሰው እንደጠፋ ሊቆጠር ነው? አከራይዋስ? ሱሪው ሽቅብ ሲል የሚያበራ ነገር ካዩ በበነጋው "ቤቱን ልናድሰው ስለሆነ ልቀቅልን" ነው የሚሉት። የቤት እስር ቤት ላለው ሰው ነው።

ደግሞ "ሲስተም የለም" የምትባል ነገር አለችን። ባንክ ቤት ስንባል ነገ ተመልሰን እንመጣለን። እግር ላይ ስትመጣ ግን ትከብዳለች። ፈረንጅ አገርም አለች እኮ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 አሜሪካ ውስጥ የአንድ ኩባንያ የመረጃ ቋት ከአቅሙ በላይ ሞልቶ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የት እንዳሉ ለ12 ሰዓት ያህል ሳይታወቅ ቀረ። እኛ አገር በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ አልቦ ቢኖር ኖሮ ማን ጠፋ፣ ማን ቤቱ ነው ይባል ነበር? ጥፋቱ የኔትወርክ ሆኖ ዋስትናው የሚሰረዝበት ሰው መኖሩ ነው የሚያስፈራኝ።

የባሰው ገንዘቡ ነው። እንግሊዝ አገር ሥራው ለግል ኩባንያዎች ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመረመር ጂፎርኤስና ሰርኮ ለሞቱ ሰዎች፣ ተመልሰው እስር ቤት ለገቡ ሰዎች ጭምር ክትትል እያደረግን ነው ብለው ሲያስከፍሉ መክረማቸው ታወቀ። ጂፎርኤስ ብቻውን ወደ 109 ሚሊዮን ፓውንድ ሊመልስ ተስማማ። ሙት በዓይነ ቁራኛ ሲጠበቅ! አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በብዙ ቦታ የአልቦውን የቀን ኪራይ የሚከፍለው ራሱ የታሰረበት ሰው ነው። እትዬ 10 ሺዋን እንዴት እንዳሰባሰቧት ስላየሁ፣ እዚህም የኪራይ ነገር ከተነሳ አልፈርምም።

ሌላም ነገር አለ። ዕቃው ሲገዛ በብዛት ይገዛል፤ የተገዛ ዕቃ ደግሞ መጋዘን አይቀመጥም። ታዲያ መጀመሪያ የሚታሰርበት ከእስር ቤት የሚወጣው ሰው ነው ወይስ ድሮም በሰው ዋስ ብቻ ይወጣ የነበረው? የኋለኛው ከሆነ እስር አልቀነስንም፤ ጨመርን።

ማሽኑ "ይሄኛው ደግሞ ያጠፋል፣ ያኛው አያጠፋም" ብሎ ይንገረን የሚሉም አሉ። ይህን ነገር እናውቀዋለን፤ ሌባ ሻይ ነው። ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቅና ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ተቋም በፍሎሪዳ አንድ ካውንቲ ያሉ የእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ውጤቶችን አገላብጦ ነበር። ኋላ ምንም ካላጠፉት ውስጥ ጥቁሮቹ "አደገኛ" የመባላቸው ዕድል ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። አምራቹ ኩባንያ ስሌቱን አልተቀበለም። ቀመሩ ግን ምስጢር ነው። የኛው ልጅ ቢያንስ በአደባባይ ነበር የሚሄደው።

ከካፌዋ ወጥቶ ወደ ሳር ቤት አቅጣጫ ላየ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ይታየዋል። በ2004 ተመረቀ። እሱ ባለበት ቦታ ድሮ ከርቸሌ ነበር፣ ዓለም በቃኝ። ፒያሳ አካባቢ የነበረው ማዕከላዊም በ2010 ተዘጋ። መሃል ከተማው እስር ቤቶቹን ወደ ዳር አውጥቷል፤ መልካም። ጠያቂው ግን ያለው መሃል ነው። ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይዞ ታክሲ ቀያይሮ፣ ተሰልፎ፣ ተፈትሾ ቃሊቲ የሚደርስ ሰው የሥራ ቀኑን ከፍሎ ነው። ስለዚህ ስልክና ቪዲዮ ይግባ እላለሁ። በ2012 ወረርሽኙ ሲመጣ ጥየቃ ታግዶ፣ ከ4 ሺህ በላይ እስረኞች በይቅርታ ሲለቀቁ የቀሩት ቤተሰባቸውን የሚያዩበት መንገድ ቢኖር ምን ያህል በጠቀመ። ብቻ ቪዲዮው በአካል መጠየቅን እንዳይተካ። አሜሪካ ውስጥ ኩባንያ ቪዲዮ ሲያስገባ የአካል ጥየቃ የተከለከለባቸው እስር ቤቶች አሉ፤ ቤተሰቡም በደቂቃ ይከፍላል። ኮነቲከት የምትባለው የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ነው ጥሪውን ነጻ ያደረገችው። ለነገሩ በቪዲዮ ምሳ አይላክም።

የእትዬ ልጅ ሰኞ ከሰዓት ወጣ። ክሱም ኋላ በእርቅ አለቀ። እትዬ የመፍቻዋን ኮፒ አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከረሙ። አንድ ቀን ስልክ አቀበሉኝና ፎቶ አንሳልኝ አሉኝ፤ ወረቀቷ ልትቀደድ ደርሳለች። አሁንም ስልካቸው ውስጥ አለች። ምን ያደርግልዎታል ስላቸው፣ "ቢጠይቁኝስ? እነሱ ጋ ትጠፋለች" አሉኝ።