የንስሐ አባት ለሠርግና ለቀብር ብቻ?

በተክሊል ወይም በቁርባን ለመጋባት ያሰቡ እጮኛሞች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መጀመሪያ ከሚጠየቁት ነገር አንዱ የንስሐ አባታቸው ማን እንደሆኑ ነው። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። ከዚያ ፍለጋው ይጀመራል። «የምታውቂው ቄስ የለም?» እየተባለ ይደወላል። ጓደኛ ለጓደኛ ስልክ ይቀባበላል። አዳራሹ ከተያዘ ወራት አልፎታል፣ ቬሎው ተመርጧል፣ የጥሪ ካርዱ ታትሟል። የንስሐ አባት ግን ገና በጥቆማ ይፈለጋል፤ የሚፈለጉትም ምስክርነት እንዲሰጡ ነው።

ቀብር ላይም ያው ነው። ቤተሰቡ እያለቀሰ ሳለ «የንስሐ አባቱ ማን ናቸው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ብታውቅ የምታውቀው እናታቸው ነበረች፤ እሷ ደግሞ ቀድማ ሄዳለች።

ሃይማኖትና ዘመናዊ ኑሮ ሲነሣ ክርክራችን ብዙ ጊዜ ስለ አለባበስ፣ ስለ ዘፈን፣ ስለ ቲክቶክ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቷን ከእያንዳንዱ ሰው ኑሮ ጋር የምታገናኝበት የራሷ መንገድ አላት። እሱም የንስሐ አባት ነው። ዘመኑ ተለወጠ፣ ኑሮው ከበደ፣ ሥርዓቱ ግን የድሮው ነው ለሚል ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። ድሮም ቤታችን ይገባ የነበረ፣ ጸበል የሚረጭልን፣ ልጆቻችንን በስም የሚያውቅ አባት ነው። እኛ ግን ዘመኑ ሲለወጥ መጀመሪያ የጣልነው እሱን ነው።

ጾምን እንይ። ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሉን። ዐቢይ ጾም (ሁዳዴ) ብቻውን 55 ቀን ነው። የነቢያቱን፣ የሐዋርያቱን፣ የፍልሰታውን፣ ረቡዕና ዓርቡን ስንደምር ከዓመቱ ከግማሽ በላይ በጾም ያልፋል። ጾሙ ደግሞ ሥጋና ወተት መተው ብቻ አይደለም። ሰዓት አለው። በሁዳዴ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ምግብም ውኃም የለም። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያብራራ ይህንኑ ይላል፤ በታወቀ ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት ከምግብ መከልከል ነው፤ ዓላማውም የሥጋ ፈቃድ ለነፍስ እንዲታዘዝ ነው።

አሁን ይህን ሥርዓት ይዘን ከተማ እንግባ። የመሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ። ሌሊት የሚሠራ የጥበቃ ሠራተኛ ቀኑ የሚጀምረው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። የታክሲ ሹፌሩ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ምን ያድርጉ? የሚጠይቁት አባት ከሌላቸው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርላቸዋል። ወይ ሥርዓቱን እንዳለ ተሸክመው ይታመማሉ፣ ወይ «ለኔ አይሆንም» ብለው ይተዉታል። ብዙው ሰው ደግሞ መሐል ላይ ይቀመጣል። ሰዓቱን ትቶ ምግቡን ብቻ ይጠብቃል። የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገር የበዛው ለዚህ ይመስለኛል። ካፌዎቹን አልወቅስም፤ ለጿሚ የሚበላ ነገር ማዘጋጀት ነውር የለበትም። ግን «ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሌለበት ጾም ቀስ በቀስ የምግብ ዝርዝር ይሆናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋትም ጸሎትም ጾምም አንድ ላይ ነው የተነገሩት። እኛ ሦስተኛውን፣ ያውም ግማሹን ይዘናል።

አንዲት የማውቃት ነርስ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት። በአንድ ሁዳዴ ጠዋት ከሥራ ወጥታ፣ ሳትበላ ተኝታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ በልታ ተመልሳ ትገባ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተረኛ ሳለች ራሷን ስታ ወደቀች። ለንስሐ አባቷ ስትነግራቸው አልተቆጡም፣ «በርቺ» ብለውም አልሸኟትም። «ሌሊት በሠራሽበት ቀን ጠዋት ስትወጪ የጾሙን ምግብ ብዪና ተኚ፤ ሰዓቱን እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት። «የዘወትር ጸሎትሽን ግን ሳታደርሺ እንዳትተኚ። ዕረፍት በሆንሽበት ቀን ቅዳሴ እንዳይቀርብሽ።» እሷ ተነሥታ ልትሄድ ስትል ሌላ ጥያቄ ጨመሩ። «ያቺ ሥራ ቦታ ያኮረፍሻት ልጅስ? ታረቃችሁ?»

አልታረቀችም ነበር። ያን ሁዳዴ ትልቁ ቀኖናዋ፣ ለንስሐ የታዘዘችው ነገር፣ እሱ ሆነ። እንደነገረችኝ ከረሃቡ ይልቅ የከበዳት ሄዳ ይቅርታ መጠየቁ ነው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሥርዓቱ አልላላም። እንዲያውም ጠብቋል። አባትየው ከአንዱ ቀለል አድርገው በሌላው አበረቱባት፤ ምክንያቱም ያውቋታል። ስኳር ያለበትን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ የምታጠባዋን፣ ጨጓራው የሚነድደውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ድሮም እንዲህ ነው የያዘችው። ሥርዓቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ልኩ ግን በአባትና በልጅ መካከል ይወሰናል። ይህን ለዘመናዊ ሰው የሚሆን አዲስ ነገር አድርጎ ማምጣት አያስፈልግም። ነበረን።

«አሁን እኮ ትምህርቱ በእጃችን ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። የዛሬ ወጣት ከወላጆቹ ይልቅ ስለ ሃይማኖቱ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ውዳሴ ማርያሙ ስልኩ ላይ አለ። ስብከቱ በዩቲዩብ፣ ጥያቄና መልሱ በቴሌግራም ይመጣለታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜ ሰሙነ ሕማማትን ብዙዎቻችን ከቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን ነው ያሳለፍነው፤ ያ ባይኖር ምን እንሆን ነበር? ነገር ግን በስልክህ የምትሰማው ሰባኪ ያቺን ያኮረፍካትን ልጅ አያውቃትም። ሚስትህን ስትሰድብ አልሰማም። ስለ መጠጥህ አይጠይቅህም። ሲጎረብጥህ ደግሞ ወደ ሌላው ታሳልፈዋለህ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ብዙ ሞግዚቶች ቢኖሯችሁም ብዙ አባቶች የሏችሁም ብሎ ጽፎላቸው ነበር። ለኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ታዲያ እንዴት ጠፉብን? ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ፈርሷል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሣው ሰው፣ ዕጣ ደርሶት ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባው ሰው፣ ዕቃውን ሲጭን ዕድሩም ጽዋ ማኅበሩም ሰንበቴውም ወደ ኋላ ቀርተዋል። የንስሐ አባቱም እንደዚሁ። ድሮ በእግራቸው ከቤት ቤት እየዞሩ ልጆቻቸውን የሚጠይቁ ካህን ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ ተሳፍረው፣ አራተኛ ፎቅ ወጥተው፣ በሩ ተቆልፎ ያገኙታል። በደመወዛቸው ይህን ሁሉ ሊያደርጉ አይችሉም። አንዳንዶቹ ደግሞ፣ ይህም መነገር አለበት፣ ለበዓል ብቻ ብቅ ብለው፣ ጸበል ረጭተው፣ ፖስታ ተቀብለው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ አባት ያየ ወጣት ሁሉም እንደዚያ ቢመስለው አልፈርድበትም። ሌላው ደግሞ ፍርሃት ነው። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ስለሆኑ ምሥጢሬ እናቴ ጋ ይደርሳል ብሎ የሚሸሽ ብዙ ነው። ካህን የሰማውን ንስሐ ለማንም እንዳይናገር የታዘዘ መሆኑን የነገረው የለም።

በስደት ያለው ወገናችን ነገር ይብሳል። ሳውዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ስትቀቅል ትውላለች፤ ልትበላ የምትችለውን የምትወስነው አሠሪዋ ናት። እሷን የሚያጽናናት ስለ ጾም ሕግ የሚያስተምር ቪዲዮ ይመስላችኋል? አገር ቤት ያሉት የንስሐ አባቷ በስልክ «አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያለሽበትን ያያል» ሲሏት ነው የምትቆመው። አሜሪካ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ቅዳሴው ላይ ይቆማሉ፣ ነጠላ ይለብሳሉ፣ ግን ልባቸውን በእንግሊዝኛ ካልሆነ መናገር አይችሉም። በእንግሊዝኛ ንስሐ የሚሰማ ካህን በየከተማው ማዘጋጀት ለነዚህ ልጆች ከትልቅ ሕንፃ በፊት ይቀድማል እላለሁ።

አገር ቤት ደግሞ ቀላል የምለው ነገር አለ። ሰው ሰፈር ሲቀይር የቀድሞ የንስሐ አባቱን አስፈቅዶ፣ በቅርቡ ካለው ደብር አባት መያዝ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሩቅ ያሉትን ከመቀየር ዝም ብሎ መጥፋት ይቀለዋል። አጥቢያዎች በዙሪያቸው ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች ካህናትን በብሎክ ቢመድቡ፣ ለዚያም የትራንስፖርቱን ወጪ ሰበካ ጉባኤው ቢሸፍን፣ ለድምፅ ማጉያ ከሚወጣው ገንዘብ ያነሰ እንጂ የበዛ አይሆንም። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም አዲስ ለሚገባ ልጅ ከመዝሙሩ ደብተር ጋር ከአንድ አባት ጋር ቢያስተዋውቁት ጥሩ ነው።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ካህናቱ ፋታ የላቸውም፤ ቅዳሴውም ንስሐውም ይደራረብባቸዋል። የነነዌ ጾም ካለቀ በኋላ ግን ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ጥቂት ቀናት አሉ። አባት ያለው በነዚያ ቀናት ደውሎ ቀጠሮ ይያዝ። የሌለው ሰፈሩ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ከኪዳን ጸሎት በኋላ ቆየት ብሎ፣ አንዱን ካህን «አባ፣ የንስሐ አባት የለኝም» ይበላቸው።